የልሳነወርቅ ሰሌዳ

ሻርጃ፥ ሮላ ገበያ፥ ከወርቅ ሱቆቹ ጀርባ፥
ሦስት ሰው አንድ ጊዜ የማያስገባ
የታይፒንግ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ኮያ፥ የኬረላ ሰው፥
ኤሲው እንደ ወዛደር አልቦት ባልዲ ሙሉ የሚያፈሰው።
ልሳነወርቅ እዚያ ቀን ቀን የቪዛ ፎርም ይሞላል፤
ማታ መዝጊያው ሲወርድ
ፊደል ያነሣል፥ ፊደል ይጥላል።

ሰባት ዓመት ፈጀበት።
የትኛው ሆሄ በገጽ ላይ ስንቴ እንደሚመላለስ
በተምር ፍሬ ቆጠረ፥ የኮያ የሩዝ ጆንያ ሞልቶ እስኪፈስ።
ከዚያ «ነ»ን ከመሐል ጣት ሥር፥ «ተ»ን ከጎኗ አኖረ፤
ትንሿን ጣት ከ«ጰ» በቀር ከሥራ ሁሉ ማረ።
ለያንዳንዱ ሆሄም እሱ ብቻ የሚያውቀው መለያ ቁጥር ሰጠ።
ሁለት ጣት ብቻ የማውቅ እኔ፥ ሳምንት ሳይሞላኝ፥
ዐይኔን ጨፍኜ ጻፍሁ፤ ስሕተት ፈልጎ አጣብኝ።
የሚያምር ነገር ነበር። ይህን ማንም አይክደኝ።

ከዚያ ሰርኩላሩ መጣ።
ባለ ሁለት ቀለም ማኅተም፥ ቁጥሩ ከመልእክቱ የረዘመ፤
«ከእንግዲህ ማናቸውም የአማርኛ ማመልከቻ
ኮሚቴው ባጸደቀው ሰሌዳ ብቻ...»
በዚያ ሰሌዳ «ጰ» መሐል ላይ እንደ ባላባት ትቀመጣለች፤
«ለ» ሦስት ቁልፍ ደጅ ጠንታ ትመጣለች።

ልሳነወርቅ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤
«ሰማይ አይታረስ» ብሎ አጠፈው። ኮያ ግን ሳቀ፤
«በእኛም አገር» አለ፥ «ለጽሕፈት መኪናው ጥርስ እንዲመች፥ በአዋጅ፥
ፊደላችን ተከረከመ፤ ቅጥያው ተጣለ ከደጅ።
መኪናው ሞቶ ተቀበረ፤
ቁራጩ ፊደል ግን ቀረ።»

ዓርብ ዕለት ሸምሲያ መጣች፥ የሐርቡ ልጅ፥
መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ።
«የጻፋችሁልኝ» አለች፥ «እኅቴ ዘንድ ሲደርስ ሳጥን ሳጥን ሆነ፤
ተደርድሮ እንደ ካርጎ። ያውም ባዶ ካርጎ።»
አንዱን ደብዳቤ በልሳነወርቅ፥ አንዱን በኮሚቴው ነበር የጻፍንላት።
የሱም ሳጥን። የማኅተሙም ሳጥን።

«ታዲያ እንዴት ትጻጻፋላችሁ?»
አሳየችን። በፈረንጅ ፊደል፤
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፥ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና፥
«ጠ»ን ከ«ተ» ሳትለይ፥ «ጨ»ን ከ«ቸ» ጋር አጋብታ፤
የእኅቷን የሐዋን «ሐ» ግን በሰባት ቁጥር ጽፋ፥
የማዳሟ ትንሹ ልጅ ለዐረብኛው እንደሚያደርገው።

ልሳነወርቅ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው።
«ማን አዘዘሽ?»
«ማንም።»
«ይሻላል ብለሽ ነው?»
«ኧረ ያስጠላል» አለች፤ «ግን ይደርሳል።»

በሦስተኛው ሳምንት ኤሲው ማኅተሙ ላይ ሲያንጠባጥብ፥
ሰርኩላሩን የፈረመው ሰው በስልክ መልእክት ሰደደ፤
«መመሪያው ደርሷችኋል ወይ?»
በሸምሲያ ፊደል።

ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም።
መስኮትና ወረፋ ባለበት ማኅተም ሁልጊዜ ይረታል፤
በፓስፖርቷ ላይ ሸምሲያ «ቻምሲ» ነች፤
በዚያ ስም ጠርቷት የሚያውቅ ሰው የለም፤
ፎርሟ የሚሞላው ግን በሱ ነው፤
ብትሞትም ሬሳዋ የሚሸኘው በሱ።

አሁን ስልኩ ሁሉ ፊደል ያውቃል። ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም፤
ከልሳነወርቅ አይደለም፥ ከኮሚቴውም አይደለም።
እሱን ሰላላ አየነው ይሉኛል፤ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይቆጥራል።
እኔ ግን የምቸኩል ቀን
መሐል ጣቴ፥ ሳላዘው፥ ወርዶ ባዶ ቦታ ይነካል፤
«ነ»ን ፍለጋ።